በጐንደር ከተማ ስለ ሹመት ይከፈል የነበረ ገንዘብ

በዛሬው ዓለም በብዙ አገሮች ለከተማ ምክር ቤትም ሆነ ለከንቲባነት የሚወዳደር ሰው ለምርጫ ዘመቻው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከደጋፊዎቹ መዋጮ ይሰበስባል። ጽሑፍ ለማሳተም፣ አዳራሽ ለመከራየት፣ ስሙንና ሐሳቡን ለሕዝብ ለማሰማት ገንዘብ ያስፈልገዋልና መዋጮው በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን መዋጮውን የሰጠው ሰው ከምርጫው በኋላ ምን ይጠብቃል? የተቀበለውስ ሰው ወንበሩን ከያዘ በኋላ ከሕዝቡ መካከል የማንን ቃል አስቀድሞ ይሰማል? ይህ ጥያቄ ሕግ አውጪዎችንና ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ድረስ እያከራከረ ይገኛል።

ብዙ ሰዎች ይህ ጥያቄ ከምርጫ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምርጫ የሚባለው ሥርዓት በአገራችን ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት በሹመትና በገንዘብ መካከል ያለው ዝምድና በጐንደር ከተማ በገሃድ ታይቷል፤ ያስከተለውም ውጤት ሕዝቡ በኑሮው ቀምሶታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን ታሪክ ባጭሩ ማስረዳትና ለዛሬው ዘመን የሚሆነውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ጐንደር ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጓት ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ኖራለች። የከተማይቱ ሀብት ግን ከቤተ መንግሥቱ ብቻ የመጣ አልነበረም። ጐንደር የነጋዴ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። በሰሜን በኩል ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ ወገራን አልፎ፣ ደባርቅን ይዞ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዐድዋ ይደርሳል። በምዕራብ በኩል ያለው በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ያወጣል። በደቡብ ያለው ደግሞ ጐጃምን አቋርጦ በባሶ ገበያ በኩል ከዐባይ ማዶ ካሉት አገሮች ጋር ያገናኛል። በእነዚህ መንገዶች ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ጥጥ፣ ሰም፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ በዚያም ዘመን እንደ ሸቀጥ ይቈጠሩ የነበሩ ባሮች ሳይቀሩ ይመላለሱ ነበር።

በየመንገዱም ኬላ ነበረ። በኬላው ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ጐንደርን ለሚገዛ ሁሉ ከዋነኞቹ የገንዘብ ምንጮች አንዱ ስለ ነበረ፣ ቀረጡን የሚሰበስበው ሰው በከተማይቱ ውስጥ ትልቅ ሰው ሆነ። እርሱም ነጋድራስ ይባል ነበር። ነጋድራስ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚያስረዳው የነጋዴዎች ራስ ማለት ነው። ሥራውም ነጋዴዎችን መምራት፣ በመካከላቸው የሚነሣውን ክርክር መዳኘትና ቀረጡን ማስከፈል ነበረ። ስለዚህ ነጋድራሱ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳኛም ቀራጭም ነበር ማለት ነው።

የኬላ ሹሞች በገበሬውና በነጋዴው ላይ የሚያደርሱት በደል ከጥንት የታወቀ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ የተባሉት ቀዳማዊ ኢያሱ ይህን በደል ለመግታት ስለ ቀረጥ ደንብ አውጥተው ነበር። ይሁን እንጂ ደንብ የሚጸናው ደንቡን የሚያስከብር ክንድ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ እስከ 1847 ዓ.ም. በቈየው በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ በጐንደር ግቢ ስም ብቻ ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ እውነተኛው ሥልጣን ግን በራሶቹ እጅ ነበረ። ከነገሥታቱ አንዱ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ መሻራቸውና ፍጻሜ መንግሥት መባላቸው የዘመኑን ሁኔታ በሚገባ ያስረዳል። ዙፋኑ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ ከዙፋኑ በታች ያለው ሹመት ሁሉ የጨረታ ዕቃ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

የነጋድራስነቱ ሹመት እንዴት ይገኝ እንደ ነበረ እንመልከት። ራሱ ለነጋድራሱ ደመወዝ አይቈርጥለትም፤ ይልቁንም ነጋድራሱ በየዓመቱ ይህን ያህል ብር አገባለሁ ብሎ ይዋዋላል። ከዚያ በላይ የሰበሰበው ሁሉ ለራሱ ነው። ብዙ ለማግባት የተስማማው ሰው ሹመቱን ያገኛል፤ ሌላው ደግሞ ጨምሮ የቀረበ እንደ ሆነ የፊተኛው በሹመቱ መቈየቱ ያጠራጥራል። ነጋድራሱም በበኩሉ በየኬላው የሚያቆማቸውን ምስለኔዎች በዚሁ ዓይነት ውል ያሰማራ ነበር።

አሁን አንባቢ ይህ አሠራር በሕዝቡ ላይ ምን እንደሚያመጣ በቍጥር እንዲያስብ እንለምናለን። ቍጥሩን ለማስረዳት ያህል እኛ ያቀረብነው እንጂ ከመዝገብ የተገኘ አይደለም። አንድ ሰው 2,000 ብር አገባለሁ ብሎ ነጋድራስ ተሾመ እንበል። ከእርሱ ዘንድ ያለው ገንዘብ ግን 800 ብር ብቻ ነው። የጐደለውን 1,200 ብር ከሦስት ትልልቅ ነጋዴዎች 400፣ 400 ብር አድርጎ ይበደራል። ሦስቱ ነጋዴዎች ወለድ አይጠይቁትም፤ የሚፈልጉት ነገር ቢኖር ጭነታቸው በኬላ ላይ ሳይፈታ እንዲያልፍላቸው ብቻ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች የከተማይቱን ንግድ እኩሌታ የያዙ ቢሆኑ፣ ለራሱ የሚገባው 2,000 ብርና የነጋድራሱ ትርፍ፣ የየኬላውም ምስለኔ ትርፍ ሁሉ ከቀረው እኩሌታ ላይ ሊወጣ ነው። ስለዚህ አንድ አሞሌ ይከፍል የነበረ ሰው ሁለት አሞሌ ይከፍላል። ይህም ሰው ከወገራ ገብስ፣ ከደምቢያ ጥጥ፣ ከስሜን የበግ ጠጕር ተሸክሞ ወደ ገበያ የሚወርደው ባላገር ነው። እርሱ ለነጋድራሱ አላበደረም፤ ሹመቱ ሲሸጥም አልተጠራም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር በዚህ ላይ ይገኛል። ለሹመት ፈላጊ የሚሰጥ ገንዘብ ስሙ ስጦታ ይባል እንጂ ጠባዩ የብድር ነው። ከተራ ብድር የሚለየውም በአንድ ነገር ነው። በተራ ብድር ዕዳውን የሚከፍለው የተበደረው ሰው ሲሆን፣ በዚህኛው ብድር ግን የሚከፍለው ያልተበደረውና ያላበደረው ሦስተኛ ሰው ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የሹሞችን ሆዳምነት ለመግለጽ ነው። ነገሩን በጥልቅ ስንመረምረው ግን ተረቱ የሒሳብ ነገር መሆኑን እንረዳለን። ሹመቱን በገንዘቡ ያገኘና ነገ እሻር ይሆን ብሎ የሚሠጋ ሰው ያወጣውን በቶሎ ለመመለስ ይጣደፋል። ያልበላ እንደ ሆነ የሚቈጨው ስስት ስላለበት ብቻ ሳይሆን ዕዳ ስላለበትም ነው። ስለዚህ ሹሙን ብቻ መውቀስ በቂ አይደለም፤ ከተሾመበት ቀን በፊት የነበረውንም ቀን መመርመር ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ የሰጪዎቹንም ሁኔታ መመልከት ፍርድ ነው። በጐንደር ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመነ መንግሥት በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ መኖሪያቸው ከክርስቲያኑ እንዲለይ ተወስኖ፣ በኋላ አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር ይኖሩ ነበር። ርስት ከመያዝና ወደ ከፍተኛ ሹመት ከመድረስም የተከለከሉ ነበሩ። ከተማይቱን የሚያበለጽግ ነገር ግን በከተማይቱ ምክር ድምፅ የሌለው ሰው ድምፁን በምን ያሰማ? በእጁ የነበረው መሣሪያ ገንዘብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ለሹሙ የሚሰጠው ገንዘብ ሁልጊዜ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ከሥጋት የመጣ ነበረ። በሕግ ሊጠበቅለት ይገባ የነበረውን ንብረቱን በገንዘብ ያስጠብቅ ነበር። ሕግ ለሁሉም እኩል ጥላ በማይሆንበት አገር ጥላ የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

የእጨጌ ቤትም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። እጨጌው የሚቀመጡበት ሰፈር የተማጠነ ሰው የማይነካበት ቦታ ስለ ነበረ፣ በዘመነ መሳፍንት ጦር ወደ ከተማይቱ በቀረበ ጊዜ ሰዎች ዕቃቸውንና ገንዘባቸውን ወደዚያ ያሸሹ ነበር። ሀብት ሥራውን ትቶ መሸሸጊያ የሚፈልግበት ከተማ ምን ያህል ሊለማ እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያሻም።

አንዳንድ ሰው፣ እጅ መንሻ ማቅረብ የአገራችን ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ባዶ እጅ ወደ ጌታ ፊት መቅረብ ነውር ነበረ፤ ይህንንስ እንደ ጉቦ መቍጠር ይገባልን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እጅ መንሻና መማለጃ ግን አንድ አይደሉም። እጅ መንሻ በአደባባይ፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ እያዩ የሚቀርብ ነበረ። ማን ምን ያህል እንዳመጣ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰጪውም የሚያመጣው እንደ ማዕረጉ ነው። መማለጃ ግን በጓዳ የሚሰጥ ነው፤ ልኩንም የሚያውቁት ሰጪውና ተቀባዩ ብቻ ናቸው። ፍትሐ ነገሥት ክህነትን በገንዘብ መስጠትንና መቀበልን አጥብቆ የከለከለው፣ ዳኛም መማለጃ እንዳይቀበል ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የጐንደር ሊቃውንት ይህን ሕግ እያስተማሩ በዚያው ከተማ የዳኝነት ሥልጣን ያለበት ሹመት በውል ይሸጥ የነበረ መሆኑ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ከዚህም ጋር አንድ የሚያስገርም ንጽጽር አለ። በዚያው ዘመን በጐንደር የመሬት ሽያጭ ሲደረግ ሻጭና ገዢ፣ ዋጋውም፣ የምስክሮቹም ስም ተቈጥሮ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ተገኙ የታሪክ ሊቃውንት የዘመኑን ኑሮ ለመመርመር ይጠቀሙባቸዋል። እንግዲህ የጐንደር ሰው ለአንዲት ቍራጭ መሬት ምስክር ቈጥሮ መዝገብ ሲያኖር፣ የመላው ከተማ ገበያና ዳኝነት የሚተላለፍበት ውል ግን እንዲህ ያለ የአደባባይ መዝገብ አልተበጀለትም።

ይህ ሥርዓት በራሱ ሰዎች ላይ መመለሱ አልቀረም። በ1831 ዓ.ም. ደጃዝማች ክንፉ ኃይለ ጊዮርጊስ በሞቱ ጊዜ ራስ ዓሊ ደምቢያን ለእናታቸው ለእቴጌ መነን ሰጡ። የአገሩ ሰው ግን ደስ አላለውም። በዚህ ጊዜ በቋራ በረሃ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ በጥር 1839 ዓ.ም. ጐንደርን ያዘ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር እቴጌ መነንን ድል አድርጎ ማረካቸው፤ ደምቢያም ለእርሱ እንዲሰጥ ሆኖ ተለቀቁ። ከዚያም በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አድርጎ፣ በ1847 ዓ.ም. በስሜን በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የዘመነ መሳፍንትን በሽታ ከሥሩ ለመንቀል ካሰቡት ዐሳብ አንዱ ሹማምንቱና ዳኞቹ በደመወዝ እንዲኖሩ ማድረግ ነበረ። ዐሳቡ ትክክል ነበረ፤ ደመወዝ ያለው ሹም ሹመቱን ለመግዛት አይበደርምና። ነገር ግን ደመወዝ ጽኑ ግምጃ ቤት ይፈልጋል፤ ግምጃ ቤትም ሕዝቡ አውቆና ተስማምቶ የሚከፍለው የተወሰነ ግብር ይፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ገንዘቡን ለማግኘት በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ እጃቸውን ባሳረፉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ፤ ጠቅላይ ግዛቶቹም በያሉበት ሸፈቱባቸው፤ የግብሩም ምንጭ ደረቀ። በመጨረሻ ሠራዊታቸውን የሚመግቡበት ሲጠፋ በ1856 ዓ.ም. ጐንደርን አስዘረፉ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱ ሳይቀሩ ዘርፈው አቃጠሏት። ጐንደር ከዚህ ጥፋት ሳታገግም በ1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር መጥቶ እንደ ገና አጠፋት። ከዚህ የምንማረው መልካም አሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የሹመትን ሽያጭ የሚያስቀር መንግሥት ለሹመቱ ወጪ የሚሆነውን ገንዘብ ከሕጋዊ ምንጭ ካላዘጋጀ፣ በጓዳ ይወሰድ የነበረው ገንዘብ በጦር ኃይል ወደ መወሰድ ይሻገራል።

ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ሊቃውንት አንዱ የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህን ችግር በሚገባ ተመልክተውት ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ስለ ሠሩ የቀረጥን ነገር ከውስጡ ያውቁታል። በጽሑፋቸውም የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብርም በልክ እንዲወሰን መክረዋል። የሹሙ ኪስና የመንግሥት ግምጃ ቤት ካልተለያዩ ሹመትን ከንግድ መለየት እንደማይቻል ያስተዋሉ ሰው ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ጐንደር በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከኢጣልያኖች እጅ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጐንደርን ከሌሎች ከተሞች ለይቶ በከንቲባ የሚመሩ ማዘጋጃ ቤቶች አደረጋቸው። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ የደምቢያና የጐንደር ጥንታዊ ማዕረግ ስለ ሆነ ከተማይቱ የራሷን ቃል ለሌሎች አበድራለች ማለት ይቻላል። ከንቲባው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾም ሲሆን፣ በምክር ቤቱ ከመሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጋር የሚቀመጡት የከተማው ሰዎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ካላቸው ነዋሪዎች መካከል የሚመረጡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ሲፈቅድ፣ ተመራጩ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ነዋሪና ባለ ንብረት እንዲሆን አዘዘ። በዚህ መሠረት ከ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ ምርጫ ተደረገ። የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚቀርበው በራሱ ስምና በራሱ ገንዘብ ነበረ።

በዚህ ሥርዓት ሹመት በውል መሸጡ ቀርቷል፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከከተማይቱ ምክር ቤት ጨርሶ አልወጣም፤ የቆመበትን ቦታ ብቻ ለወጠ። ቀድሞ ከሹሙ ጀርባ ቆሞ የነበረው ገንዘብ አሁን በምክር ቤቱ በር ላይ ቆመ። ቤት የሌለው ተከራይ፣ በሰው ሱቅ የሚሠራ ጸሐፊ፣ ደመወዙን እየቈጠረ የሚኖር አስተማሪ ምንም ያህል ዕውቀት ቢኖረው ስለ ቤት ግብርና ስለ ኪራይ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጥም ነበር። ባለ ቤቶች ስለ ቤት ግብር ሲመክሩ የማን ጥቅም እንደሚጠበቅ ለመገመት አያስቸግርም። በ1958 ዓ.ም. ስለ አውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ወጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ ለአውራጃዎቹ ገንዘቡን የሚፈቅደው ሕግ በፓርላማው ሳይጸድቅ ስለ ቀረ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እንደ ገና ነገሩን የወሰነው የገንዘቡ ጉዳይ ነበረ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ይህ የባለ ንብረቶች በር ፈረሰ፤ በምትኩም ቀበሌ ተቋቋመ። በቀበሌ ሸንጎ ለመቀመጥ ቤት መኖር አላስፈለገም፤ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ልዩ ልዩ መዋጮ ለእናት አገር ጥሪና ለሌላም ጉዳይ ከነዋሪው ይጠየቅ ስለ ነበረ፣ መዋጮ የሚለው ቃል በብዙ ሰው ጆሮ የግዴታ ድምፅ አለው። በፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ ምን እንደሚመስል የማስተማሩ ሥራ ለኋለኛው ዘመን የተረፈ ሥራ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በፈረንሳይ አገር በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1604 ጀምሮ ባለ ሹመት በየዓመቱ ለመንግሥት ጥቂት ገንዘብ እየከፈለ ሹመቱን እንደ ርስት ለልጁ ያወርስ ነበር፤ ይህ የሹመት ሽያጭ የተሻረው በ1789 በተነሣው አብዮት ነው። በእንግሊዝ አገር በ1883 የወጣው ሕግ አንድ ተወዳዳሪ ለምርጫ የሚያወጣውን ገንዘብ በልክ ወስኖ ሒሳቡን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዘ። በአሜሪካ በ1907 ኩባንያዎች ለማዕከላዊው መንግሥት ምርጫ ከገንዘባቸው እንዳያዋጡ ተከለከሉ። በአገራችንም በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 573፣ በኋላም እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1162 የፖለቲካ ፓርቲዎች ከውጭ አገር ሰዎችና ምንጩ ካልታወቀ ሰጪ ገንዘብ እንዳይቀበሉ፣ ሒሳባቸውንም እንዲይዙና እንዲያስመረምሩ ደንግገዋል። ሕጉ ተጽፏል ማለት ነው። የተጻፈው ሕግ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ሕዝቡ ምክንያቱን ያወቀው እንደ ሆነ ነው።

አንዳንዶች፣ እንግዲያውስ መዋጮን ጨርሶ መከልከል አይሻልምን? ይላሉ። የጐንደር ታሪክ ለዚህም መልስ አለው። መዋጮ ፈጽሞ የተከለከለ እንደ ሆነ መወዳደር የሚችለው በራሱ ገንዘብ የሚተማመነው ሰው ብቻ ይሆናል፤ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ያየነው የባለ ንብረቶች ምክር ቤት ተመልሶ ይመጣል። መዋጮ በጓዳ የተፈቀደ እንደ ሆነ ደግሞ ሦስቱ ነጋዴዎችና ነጋድራሱ ተመልሰው ይመጣሉ። መካከለኛው መንገድ መዋጮው ከብዙ ሰው፣ ለእያንዳንዱም በልክ፣ በሁሉም ፊት እየተጻፈ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ከብዙ ሺህ ሰው ጥቂት ጥቂት የተቀበለ ተመራጭ ዕዳው ለብዙ ሺህ ሰው ነው፤ ይህም ዕዳ ለሕዝብ ከመሥራት በቀር በሌላ አይከፈልም። ከሦስት ሰው ብዙ የተቀበለ ግን ዕዳው ለሦስቱ ነው።

ይህ አሠራር ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በጐንደርም ሆነ በሌላው ከተማ የሚገኘው ዕድር የሚቋቋመው በመዋጮ ነው። ባለጠጋውም ድኻውም የሚከፍለው አንድ ዓይነት ነው፤ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ገንዘብ ያዡ ይይዛል፤ ሒሳቡ በአባሎቹ ፊት ይነበባል፤ ያልገባው ሰው ተነሥቶ ይጠይቃል። ማንም ሰው ብዙ አዋጥቻለሁና ለእኔ ቀብር ሁለት ድንኳን ይተከልልኝ ብሎ አይጠይቅም። ቀብሩን እንዲህ በሥርዓት የሚያካሂድ ሕዝብ የከተማውን ምርጫ በዚሁ ሥርዓት ለማካሄድ የሚሳነው ነገር የለም።

ስለዚህ ዛሬ በከተማችን ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ሐሳቡን ሊነግረን በፊታችን በቆመ ጊዜ፣ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ከምንጠይቀው ጥያቄ ጋር ሌላም ጥያቄ ልንጨምር ይገባናል። ይህን አዳራሽ ማን ተከራየልህ? ጽሑፉን ማን አሳተመልህ? ከስንት ሰውስ ተቀበልህ? ጥያቄው የክፉ ጥርጣሬ ጥያቄ አይደለም፤ አባቶቻችን ለአንዲት ቍራጭ መሬት ሽያጭ እንኳ በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ ዋጋና ምስክር ያጽፉ እንደ ነበረ ከላይ አይተናል። መምህራን ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ሒሳቡን ሲመረምሩ፣ በኬላው ላይ ሁለት አሞሌ የከፈለውን የወገራውን ባላገር ቢያስቡ ለከተማይቱ ትልቅ አገልግሎት እንደሚሰጡ እናምናለን።